ጣቴን የማታክል ሮቦት ከፒያሳ ገዛሁ፤ የማን እጅ ውስጥ እንደምትገባ የሚያውቅ አለ?

የአራት_ኪሎው | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:40

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ከፒያሳ ወደ ሰፈር በእግሬ ስመጣ አንድ ልጅ መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፎ አሮጌ መጫወቻ ይሸጣል። ጎማ የሌለው መኪና፣ ፀጉሯ የተነጨ አሻንጉሊት፣ ግማሽ ባቡር። ለእህቴ ልጅ ብዬ አንድ ፌስታል ሙሉ በ250 ብር ገዛሁ።

ቤት ገብቼ ፌስታሉን ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩት። ከመኪኖቹ መሃል አንዲት ትንሽ ነገር ወጣች። መጀመሪያ የቁልፍ መያዣ መስላኝ ነበር። ቀና አድርጌ ሳያት ፊት አላት። ዓይኖቿ የክብሪት ራስ አያክሉም፤ ግን በደንብ ተቀርጸዋል። በማስመሪያ ስለካት 4 ሳንቲ ሜትር አትሞላም። እጅና እግሯን ስነካካ ድንገት ተጣጠፈች። ቀጭ! ሮቦቷ ጠፋች፤ እጄ ላይ ጠመንጃ ቀረ። ከሥሩ አጭር ክብ ዘንግ አለው። የሆነ ነገር ውስጥ የሚሰካ ይመስላል።

ይኸው ግማሽ ሰዓት ሆነኝ፤ ከሮቦት ወደ ጠመንጃ፣ ከጠመንጃ ወደ ሮቦት ሳመላልሳት። ተጣጥፈው ሌላ ነገር የሚሆኑትን ሮቦቶች፣ ትራንስፎርመርስን፣ ልጅ ሆኜ በቴሌቪዥን አውቃቸዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ትንሽ ግን አይቼ አላውቅም። ስሟን የሚያውቅ አለ? የሚይዛትስ ማን ነው? ፎቶዎቹ ከታች አሉ።

ጥቁር_ማርከር | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11:05

ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ። ብሎውፓይፕ ትባላለች።

ባትል ማስተር ከሚባሉት አንዷ ናት። ትራንስፎርመርስን የሚያወጣው የአሜሪካ ኩባንያ ሀስብሮ በ2019 ሲጅ በሚለው የመጫወቻ መስመሩ ያወጣቸው ናቸው። (የመጫወቻዎቹን ዓመት በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ሁላችንም የምንፈልጋቸው በእሱ ስለሆነ።) ፋየርድራይቭ፣ ኤምለስ፣ ካሊበርስት የሚባሉ ጓደኞችም አሏት። ሁሉም ተጣጥፈው ለትልቅ ሮቦት መሣሪያ ይሆናሉ። አዲስ ስትሸጥ ተነቃይ የሆነ፣ ከአፈሙዝ የሚወጣ እሳት የሚመስል ፕላስቲክ አብሯት ነበር። ፌስታሉን እንደገና ፈትሸው።

ፎርጅድ አለመሆኗን ለማወቅ በስልክህ ካሜራ አጉልተህ ዙሪያዋን እያት። የሀስብሮና የጃፓኑ አጋሩ የቶሚ ስም በጥቃቅን ፊደል ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ ታገኘዋለህ። ፎርጅዶቹ ላይ ብዙ ጊዜ ይህ ጽሑፍ ተፍቆ ነው የሚወጣው።

የአራት_ኪሎው | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12:20

አገኘሁት! በዓይን አይነበብም፤ በካሜራ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሳቱ የለም። ፌስታሉን ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት።

ጋሽ_ብሎን | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:15

ልጄ፣ ጥሩ ነገር እጅህ ገብቷል። ዘር ማንዘሯን ልንገርህ፤ ከየት እንደመጣች ካወቅህ በዋዛ አትጥላትም።

ነገሩ የሚጀምረው ጃፓን ነው። ታካራ የሚባለው ኩባንያ በ1974 ማይክሮማን የሚባሉ ትንንሽ ሰዎች አወጣ። ቁመታቸው 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። መሣሪያቸውም ተሽከርካሪያቸውም እርስ በርሱ የሚሰካው በ5 ሚሊ ሜትር ዘንግና ቀዳዳ ነበር። ይህን ቁጥር ያዙት፤ እመለስበታለሁ። ቆይቶ ከዚሁ ቤተሰብ የቤት ዕቃ የሚመስሉ ሮቦቶች መጡ። ቴፕ፣ ካሴት፣ ሽጉጥ። ሀስብሮ እነዚህን ዳያክሎን ከሚባሉት መኪኖችና አውሮፕላኖች ጋር ወስዶ በ1984 ትራንስፎርመርስ ብሎ አወጣቸው።

ሜጋትሮን ያኔ ዋልተር ፒ38 ሽጉጥ ነበር። አስቡት። የጦሩ አለቃ ተጣጥፎ በበታቹ እጅ ይገባል። ቃታውን የሚስበው ሌላ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ሐሳብ ነው። ትልቅነቱን ትቶ ራሱን ለሌላው እጅ መስጠት፣ ያውም በጦር ሜዳ፣ መተማመን ይጠይቃል።

በ1987 ታርጌትማስተሮች መጡ። ትልቁ ሮቦት የሚይዘው ጠመንጃ ራሱን የቻለ ሰው ሆነ። ስም አለው፣ ጠባይ አለው፣ ኔቡሎስ ከምትባል ፕላኔት የመጣ ነው። በዚያ ዓመት ሀስብሮ 11 ትልልቅ ሮቦቶችን ከነጓደኞቻቸው አወጣ። ሆት ሮድ ፋየርቦልትን ያዘ። ሳይክሎነስ ናይትስቲክን ያዘ። ትሪገርሃፒ የሚባለው ጄት ደግሞ ብሎውፓይፕን። በዓመቱ ሁለት ሁለት ጓደኛ የያዙም መጡ።

ያንተዋ ስሟን የወረሰችው ከዚያኛው ነው። በታሪኩ ወንድ ነው። እኛ ግን ትንሽና ቆንጆ ነገር ስናይ «እሷ» ማለት ልማዳችን ስለሆነ እኔም እሷ እላታለሁ።

አሁን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ልመለስ። ከሥሯ ያለውን ዘንግ ለካው። 5 ይሆናል። ከ1974 የመጣ ልክ ነው። ትራንስፎርመርስ ዛሬም በአብዛኛው የሚያያዙት በዚሁ ነው። በሲጅ ጊዜማ ቀዳዳው በእጅ ብቻ አልቀረም፤ ትከሻው፣ ክንዱ፣ እግሩ ሁሉ ተበስቷል። ስለዚህ «በማን እጅ ትገባለች?» ላልከው መልሱ በብዙዎች ነው። ባለቤቷ ግን አንድ ነው፤ ትሪገርሃፒ።

ሰማያዊ_ሚኒባስ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እሳት የሚመስለው ፕላስቲክስ በ5 ነው የሚሰካው?

ጋሽ_ብሎን | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:52

እሱ በቀጭኑ ነው፣ በ3 ሚሊ ሜትር። በጉልበት አታቀላቅሏቸው። ፕላስቲኩ ከተወጠረ መጀመሪያ ነጭ መስመር ያወጣል። ነጭ ካያችሁ ቁሙ። ቀጥሎ የሚመጣው መሰንጠቅ ነው።

አዲስ_ሰብሳቢ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:30

የአራት ኪሎው፣ 1500 ብር እከፍልሃለሁ፤ ሽጥልኝ። አንድ ትልቅ ሮቦት አለኝ፤ እጁ ባዶ ስለሆነ ፎቶ ሳነሳው አያምርም። ደግሞ እነዚህ ትንንሾቹ መለዋወጫ ናቸው፤ ለብቻቸው ብዙ ዋጋ የላቸውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ ማዘዝ የማይታሰብ ሆኗል። እዚሁ ያለውን ብንገበያይ ይሻላል ብዬ ነው።

የአራት_ኪሎው | እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:10

ወንድሜ ስለ ዋጋው አመሰግናለሁ። ግን መለዋወጫ የሚለውን አልቀበልም። መለዋወጫ ፊት የለውም። ይህችን የሠራ ሰው ማንም የማያየው ቦታ ላይ ዓይን ቀርጾላታል። ጠመንጃ ስትሆን ፊቷ ይደበቃል። ጠመንጃ ብቻ እንድትሆን ቢፈልጉ ኖሮ ፊት ለምን ይለፉ ነበር? ለባዶ እጅ መሙያ አልሸጣትም። መጀመሪያ ባለቤቷን ልፈልግላት።

የሁለት_ልጆች_እናት | እሑድ፣ ከቀኑ 7:25

እኔ ስለ ሮቦት ብዙ አላውቅም። ይህን ውይይት ሳነብ ግን ወንድሜ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆነን አክስታችን ከውጭ እንዲህ ዓይነት ሮቦት አመጣችለት። ትልቁ መኪና ይሆናል፤ ትንሹ ጠመንጃ ይሆናል። አንድ ቀን ትንሹ ጠፋ። ቤቱን ገለባበጥነው፤ የለም። ትልቁ ባዶ እጁን መደርደሪያ ላይ ቆሞ ከረመ። እማዬ የተበላሸ መሰላት። ልዋጭ በሰፈር ሲያልፍ ከአሮጌ ልብስ ጋር ሰጠችው። አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጆግ ተተካልን።

ከሳምንት በኋላ ለፋሲካ ቤት ስናጸዳ ሶፋው ተነሳ። ትንሹ እዚያው ነበር፤ አቧራ ለብሶ። ወንድሜ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ዛሬ 34 ዓመቱ ነው፤ አግብቶ ወልዷል። ትንሹን ሮቦት በክብሪት ቀፎ አድርጎ የልደት ሰርተፍኬቱ ያለበት ሣጥን ውስጥ አስቀምጦታል።

ስለዚህ የአራት ኪሎው፣ ባለቤቷን ፈልግላት። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፤ የእህትህ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ፊቱ አታስቀምጣት። ያቺ መጠን በቀጥታ ጉሮሮ ውስጥ ነው የምትገባው።

የአራት_ኪሎው | እሑድ፣ ከቀኑ 7:50

እህቴ፣ ይህን ስለጻፍሽልን ከልቤ አመሰግናለሁ። ልጁ 7 ዓመቱ ነው። ታናሹ ግን ገና ይድሃል። ከፍ ያለ ቦታ አድርጌያታለሁ።

የድሮ_ካዛንቺስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

ትሪገርሃፒ እኔ ጋ አለ።

ሁለት ቀን ሙሉ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ነበር። የእኔው የ1987ቱ አይደለም። በ2017 ታይታንስ ሪተርን በሚባለው መስመር የወጣው ነው። ከካዛንቺስ ስንለቅ ዕቃ ተጭኖ ሲሄድ መሣሪያው ጠፋብኝ። ካርቶኑ ተቀዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስኮት ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ መዳፉ ላይ ቀዳዳው ብቻ ይታያል።

ግን አንድ ግራ የገባኝ ነገር አለ። የእኔው ትሪገርሃፒ ጭንቅላቱ ይነቀላል። ሲነቀል ትንሽ ሰው ይሆናል። ጄት ሲሆን ያ ትንሽ ሰው አብራሪ ሆኖ ይቀመጣል። የዚያ ትንሽ ሰው ስም ደግሞ... ብሎውፓይፕ ነው። ታዲያ የአራት ኪሎው ያገኛት ማን ናት?

ጥቁር_ማርከር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

እህ! ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስ ግን አለው።

በ1987 ሁለት ዓይነት ጓደኛ ነበር። ጭንቅላት የሚሆኑት ሄድማስተር፣ ጠመንጃ የሚሆኑት ታርጌትማስተር ይባሉ ነበር። ታይታንስ ሪተርን ላይ ግን ዋናው ጨዋታ ጭንቅላት ሆነ። ስለዚህ የድሮዎቹን ታርጌትማስተሮች ስም ለጭንቅላቶቹ ሰጧቸው። ትሪገርሃፒ ከብሎውፓይፕ ጋር፣ ሚስፋየር ከኤምለስ ጋር፣ ስሉግስሊንገር ከካሊበርስት ጋር፤ ሦስቱም በ2017 እንዲያ ነው የመጡት። ጥንዶቹ አልተለያዩም። ሥራቸው ብቻ ከእጅ ወደ አንገት ተዛወረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጅ ሲመጣ ሦስቱም እንደገና መሣሪያ ሆነው ወጡ። በዚህ ጊዜ ግን ለብቻቸው፣ ያለ ትልቁ ነው የተሸጡት።

ስለዚህ ሁለቱም ብሎውፓይፕ ናቸው። አንዱ በአንገቱ፣ አንዷ በእጁ።

ጋሽ_ብሎን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

ጥቁር ማርከር በደንብ አስረድቶታል። እኔ ግን በእጅ የሚያዘው ይበልጥብኛል። ጭንቅላት ሲሆን ትልቁ ያለ እሱ አይቆምም፤ ግዴታ ነው። በእጅ ሲያዝ ግን ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ ወዶ ነው የሚይዘው። ጓደኝነት ማለት እሱ ይመስለኛል።

የድሮ ካዛንቺስ፣ እንኳን ጻፍክ። የት እንገናኝ?

የአራት_ኪሎው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:35

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ እንገናኝ፤ ማኪያቶ በእኔ። ጋሼ እርስዎም ይምጡልን። አንድ ሐሳብ ግን ይዞኛል። ብሎውፓይፕ በጣም ቆሽሻለች፤ ክንዷም ልል ነው፣ ወደ ታች ይወድቃል። እህቴ የጥፍር ቀለም የምታስለቅቅበት አሴቶን አላት። በእሱ ላጽዳት?

ጋሽ_ብሎን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:37

በፍጹም! አሴቶን አታስጠጋት። እንዲህ ዓይነት መጫወቻ የሚሠራበት ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ በአሴቶን ይሟሟል። ዓይኖቿ በአንድ ማሸት ይጠፋሉ። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። በቃ። ፀሐይ ላይ አታድርቃት፤ ነጭና ግራጫው በፀሐይ ቢጫ ይሆናል። ጥላ ውስጥ ጨርቅ ላይ ትደር። ክንዷን ለእኔ ተወው።

የአራት_ኪሎው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:41

ጠርሙሱን ከፍቼ ነበር ጋሼ። ከደንኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የአራት_ኪሎው | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:45

ተገናኘን። እንደሆነው እንደሆነው ልጻፈው።

የድሮ ካዛንቺስ ቀድሞኝ ደርሷል። ሁለት ታክሲ ቀይሮ ነው የመጣው። ትሪገርሃፒን በነጭ ፎጣ ጠቅልሎታል። ፎጣውን ሲፈታው ማኪያቶ ያመጣችልን ልጅ ሳትቀር ቆማ አየች። 14 ሳንቲ ሜትር ያህላል። ያ የተዘረጋ እጅ እንዳለው ነው። እኔ ደግሞ ብሎውፓይፕን ከኪሴ አወጣኋት። ታጥባለች፤ ቀለሟ ተመልሷል። ጠረጴዛው ላይ ሮቦት አድርጌ አቆምኳት። ቁመቷ ጉልበቱን ትንሽ ያልፋል።

ለትንሽ ጊዜ ማናችንም አልነካናቸውም።

ከዚያ አጣጥፌ ሰጠሁት፤ እሱ ይስካት ብዬ። ሰካት። ገባች። ግን ወዲያው አፈሙዟ ወደ ታች ዘመመ። እንደገና ቀና አደረጋት፤ እንደገና ዘመመች። የትሪገርሃፒ መዳፍ ቀዳዳ ሰፍቷል። የድሮ ካዛንቺስ ፊቱ ወረደ። «ብዙ ጊዜ የማይሆን መሣሪያ ሰክቼበት ነበር» አለ፤ «እኔ ነኝ ያሰፋሁት።»

ጋሽ ብሎን መነጽራቸውን አደረጉ። ከደረት ኪሳቸው ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም አወጡ። ብሩሹን የጠርሙሱ አፍ ላይ ጠርገው ጠርገው ጠብታ እንዳይኖረው አደረጉ። ከዚያ የዘንጓን ዙሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ቀቡት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ቅብ። የክንዷንም መገጣጠሚያ ነቅለው እንዲሁ አደረጉ። ቀዳዳው ውስጥ ለምን አይቀቡም ብዬ ጠየቅኳቸው። «ውስጥ ከገባ መድረቁን አናይም። ሳይደርቅ ከሰካነው ይጣበቃል፤ ስናላቅቀው ይሰበራል» አሉኝ። ሙሉ ቀን መድረቅ አለበት። ወፍራም ሆኖ ከተቀባ ደግሞ ፕላስቲኩን ራሱን ሊነካው ይችላል። ለዚህ ነው የሚያሳንሱት።

ስለዚህ ዛሬ አልያዛትም። ጋሼ በጎድጓዳ የሻይ ማንኪያ ላይ አስተኝተው፣ ማንኪያውን በብርጭቆ ውስጥ አቁመው ወደ ቤታቸው ይዘዋት ሄዱ። ብርጭቆውን ከቡና ቤቱ ነው የተዋሱት። ነገ ይመልሱታል።

የሁለት_ልጆች_እናት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:30

ነገ መጻፍህን እንዳትረሳ። ወንድሜም እያነበበ ነው።

የድሮ_ካዛንቺስ | እሑድ፣ ከቀኑ 11:15

እኔ ልጻፍ።

ጋሼ ሲሰኳት ድምፅ ሰማሁ። ትናንት ድምፅ አልነበራትም። ትሪገርሃፒን እጁን ወደ ላይ አንስቼ ለቀቅኩት። አልዘመመችም። ጠረጴዛውን በእጄ መታሁት፤ አልዘመመችም። አንድ ዓመት ሊሞላው ነው ባዶ እጁን ሳየው። ከመስኮቱ ላይ ስንት ጊዜ አንስቼ ካርቶን ውስጥ ልከተው እንዳሰብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

የአራት ኪሎው «ውሰዳት፣ ያንተ ናት» አለኝ። እኔ ደግሞ ያገኛት እሱ ነው፤ በ1500 ብር አልሸጥም ያለ ሰው ነው። ተከራከርን። ጋሼ ዳኙን። እስከ ገና እሱ ጋ ይከርማሉ፣ ከገና እስከ ፋሲካ እኔ ጋ። ሁለቱ ግን አይለያዩም። ወደ ማንም ቤት ሲሄዱ አብረው ነው።

አዲስ_ሰብሳቢ | እሑድ፣ ከቀኑ 11:40

ባለፈው መለዋወጫ ያልኩትን አንስቻለሁ። ቤቴ ካርቶን ሥር አንድ ትንሽ ጠመንጃ የሚመስል ነገር አለ፤ ዛሬ አውጥቼ ሳየው ፊት አለው። ፎቶውን አያይዣለሁ። ጥቁር ማርከር፣ ይህ ማን ነው?

የአራት_ኪሎው | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:10

ለእህቴ ልጅ አሳየሁት። ስለ ሁለቱ ብሎውፓይፖች ነገርኩት፤ ጭንቅላቱም እሱ፣ ጠመንጃዋም እሷ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጭንቅላቱን ነቅሎ ሰው አደረገው። ትሪገርሃፒን ጄት አድርጎ አብራሪው ቦታ አስቀመጠው። ብሎውፓይፕን ከእጁ አውጥቶ ወደ ሮቦት ቀየራትና ክንፉ ላይ አስተኛት።

«አሁን ማንም ማንንም አይዝም» አለኝ። «ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው።»

ፎቶው ከታች አለ። ጥቁር ማርከር፣ የአዲስ ሰብሳቢን ጥያቄ እንዳትዘነጋ።